የድሮ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃ ዋጋው ከምን ይመጣል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ከአባቴ የወረስኩት ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አለኝ፤ ፈቃዱ በስሜ ነው። በርሜሉ ላይ የተጠማዘዘ ንድፍ ይታያል፣ ከሥሩ «ኢ፣ ኤል፣ ጂ» የሚሉ የላቲን ፊደላት አሉ። ይህ የሠሪው ስም ነው? ወልውዬ ባብረቀርቀው ዋጋው ይጨምራል የሚሉኝ አሉ። (ከከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ እባክዎ አይወልውሉት። የድሮ መሣሪያ ሰብሳቢ ገንዘብ የሚያወጣው ከፋብሪካ እንደወጣ ለቆየ ገጽታ ነው። ብርጭቆ ወረቀት የቅርጹን ጠርዝ ያደበዝዛል፣ የብረቱን ማዕዘን ያዶለዱማል፣ ማኅተሞቹን ያሳሳል። ይህ ከሄደ የሚመልሰው ባለሙያ የለም፤ ጥሩ ጠመንጃ አበላሽቶ ዋጋውን የሚጥለው ከዝገት ይልቅ ውልወላ ነው። ቀጭን ዘይት በነካ ለስላሳ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።

ፊደላቱ የሠሪ ስም አይደሉም። የቤልጂጓ ሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ መፈተኛ ቤት ማኅተም ናቸው፤ በርሜሉ ተተኩሶ ተፈትኖ ማለፉን ብቻ ይናገራሉ። ከፊደላቱ በላይ ዘውድ ካለ ከ1893 ወዲህ የተፈተነ ነው (ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)፤ ከሌለ ከዚያ በፊት። ሠሪው ማን እንደሆነ በጎን ብረቱ ላይ ወይም በሁለቱ በርሜሎች መካከል ባለው ዘንግ ላይ ይፈልጉ። ስም ከሌለው ዋጋው ዝቅ ይላል፤ እንደ ለንደኖቹ ፐርዲ ወይም ሆላንድ ኤንድ ሆላንድ ያለ ስም ግን ብቻውን ዋጋውን ብዙ እጥፍ ያደርገዋል።

የተጠማዘዘው ንድፍ የደማስቆ በርሜል ምልክት ነው፦ የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች ተገምደው፣ ተጠምጥመው፣ በእሳት ተቀጥቅጠው የተያያዙበት። በተራ ብረት ላይ ንድፉን የሚያትሙም ስለነበሩ፣ የፊቱን እንጨት አውልቀው ከሥሩ ይመልከቱ፤ እውነተኛው እዚያም ይቀጥላል።

ከዚያ፣ ሁለቱም የበርሜል ጉድጓዶች ባዶ መሆናቸውን በዓይንዎ አይተው፣ ይህን ይፈትሹ። በርሜሉ፣ የመሐል ብረቱና የፊቱ እንጨት ብረት ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው? ካልሆነ ከተለያየ ጠመንጃ የተገጣጠመ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋው በጣም ይወርዳል። የሁለቱ በርሜሎች ጫፍ ተጠጋግቶ ካልተገናኘ፣ መካከሉ ክፍተት ካለው፣ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ቁመታቸው ብዙ ጊዜ ከ71 እስከ 76 ሴንቲሜትር ነው። በርሜሉን ለብቻው በገመድ አንጠልጥለው በጣትዎ አንጓ መታ ያድርጉት። እንደ ደወል ጥርት ብሎ ካስተጋባ ብየዳው ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ በሁለቱ በርሜሎች መካከል ያለው ዘንግ ከበርሜሉ መላቀቅ ጀምሯል። በጉድጓዱ ወደ ብርሃን ሲያዩ ክብ የጥላ ቀለበት ከታየ ደግሞ ብረቱ ተጎድጉዷል ወይም አብጧል።

እንጨቱን በተመለከተ፣ በድሬዳዋ ሙቀትና ድርቀት ይኮማተራል፤ ስንጥቅ የሚጀምረው ሰደፉ ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ነው። ጠመንጃውን አፈሙዙን ወደ ላይ አድርጎ ማቆም ዘይቱን ወደ ሰደፉ ራስ ስለሚያወርደው እንጨቱን ያለሰልሰዋል፤ ስለዚህ አፈሙዙን ወደ ታች ያቁሙት። የቆዳ ማኅደር ውስጥ አያኑሩት፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ ከቆዳ ፋብሪካ የቀረ ጨውም ብረት ይበላል።

አይተኩሱበት። የደማስቆ በርሜል የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የዛሬ ጥይት ሊያፈነዳው ይችላል። ብዙዎቹ የድሮ ጠመንጃዎች ጥይት የሚጎርሱበት ክፍል 65 ሚሊሜትር ሲሆን የዛሬው ጥይት 70 ነው፤ ቀለሁ ሲከፈት መተላለፊያ ያጣና ግፊቱ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ ቤታችን ያለው ውጅግራ ውስጡ ለስላሳ ነው፣ እንጨቱም አጥሯል። ዋጋ አለው? (ከሐረር፣ ጀጎል)

መልስ፦ ውጅግራ «ግራ» (Gras) የተባለው የ1874ቱ (በአውሮፓ አቆጣጠር) የፈረንሳይ ጠመንጃ ነው፤ ጥይቱ 11 ሚሊሜትር፣ በርሜሉ ጠመዝማዛ ቦይ ያለው። የእርስዎ ውስጡ ከለሰለሰ ወደ አደን ጠመንጃነት ተለውጧል፤ ሰብሳቢ ከዋናው ያነሰ ይከፍልበታል። ሳንጃው ግን ካለ ለብቻው ይፈለጋል፤ በጀርባው ፋብሪካውና ዓመቱ ተቀርጾበታል። ከአገር ለማስወጣት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን ፈቃድ ሳይጠይቁ እንዳይሞክሩ፤ ለመያዝም ለመሸጥም በአዋጅ 1177/2012 መሠረት የፖሊስ ፈቃድ ያስፈልጋል።