ቮልስህ ሚኒሞ የማትይዘው በአዲስ አበባ ከፍታ አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ ይኼ ነው። አንድ ወንድማችን በፈረንጆቹ የ1972 ሞዴል ቮልስ ከድሬዳዋ ገዝቶ አዲስ አበባ አስገባ። ሞተሩ 1600 ነው፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ካርቡራተሩ ደግሞ ሶሌክስ 34 ፒክት 3። ጠዋት በቾክ ትነሳለች። ሞቅ ስትል ግን ሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር) አትይዝም። ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ትልና ትራፊክ መብራት ላይ ትጠፋበታለች። መንገድ ላይ ደህና ናት፣ እግሩን ከነዳጅ ሲያነሳ ግን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ይተኩሳል። ብልጭታ የሚሰጡትን ካንዴላዎች ፈትቶ ሲያይ ጫፋቸው ነጭ ሆኗል። ስትቆም ደግሞ ቤንዚን ቤንዚን ትሸታለች። አንዱ መካኒክ ካንዴላና ኮንደንሰር ቀየረለት። ሌላው ሚኒሞዋን በብሎን ከፍ አድርጎ “ከፍታው ነው፣ ትለምደዋለህ” ብሎ ሸኘው።

ወንድሜ፣ ከፍታው አይደለም። እንዴት አወቅህ ካልከኝ ራስህ የላክልኝ ነጭ ካንዴላ ነው የነገረኝ። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ካርቡራተሩ ግን ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ቤንዚን ይበዛል እንጂ አያንስም፤ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ያንተ ነጭ ነው። ቤንዚን ሊበዛበት በሚገባው ከተማ ቤንዚን ካነሰው፣ ሞተሩ በማይገባው ቦታ አየር ይስባል ማለት ነው። ግምቴን ልንገርህ፦ ኮሌክተሩን (ከካርቡራተሩ ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ቱቦ) መሀል ላይ የሚያገናኙት ሁለቱ ጎማዎች ተሰንጥቀዋል። ከዚህ ግምት እንነሳ።

ከዚያ በፊት ግን ያ ሽታ። ሽታውን ሳትጨርስ ሞተሩን አታስነሳ። ቮልስ ላይ የቤንዚን ፓምፑ ብልጭታውን ለካንዴላዎቹ ከሚያከፋፍለው ከዲስትሪቢውተሩ አጠገብ ነው የተቀመጠው። ከጎማው ጠብ ያለች ቤንዚን ብልጭታ ያለበት ቦታ ነው የምታርፈው። ከታንኩ አንስቶ እስከ ካርቡራተሩ ያለውን ጎማ ሁሉ በእጅህ እጠፈው። ከደረቀና ከተሰነጠቀ ጣለው። ያ ግልጽ የሆነው ፕላስቲክ ቱቦ ካለብህ ዛሬውኑ አውጣው፣ እሱ የውሃ እንጂ የቤንዚን አይደለም፤ ሙቀት ሲያገኘው ይደርቅና እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ርካሽ ነው ብለው ይገጥሙታል፣ መኪናው ሲቃጠል ግን የሉም። ዲስትሪቢውተሩ ላይ የተንጠለጠለ ፕላስቲክ ፊልትሮ ካለም ወደ ፊት፣ ከታንኩ ስር ውሰደው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ሰው አያያትም። ቤንዚኑ ካርቡራተሩ ውስጥ የሚገባባት አጭር የነሐስ ቱቦ አለች። ጎማውን አውልቅና ቱቦዋን በፒንሳ ቀስ አድርገህ ይዘህ አዙራት። ከዞረች ወይም ከተወዛወዘች በአንድ ቀን ተነቅላ ትወጣለች፣ ያኔ ፓምፑ ቤንዚኑን በጋለ ሞተር ላይ ይረጨዋል። አውጥተህ ዙሪያዋን አሻክረህ መልሰህ በኃይል አስገባት፣ ወይም ቶርኖ ቤት ወስደህ ጥርስ አስወጣላት። በሙጫ አትለጥፋት። የቮልስ ሞተር አካሉ ማግኒዥየም ያለበት ቅይጥ ነው። እሳቱ ገና ሲጀምር በዱቄት የእሳት ማጥፊያ ትደርስበታለህ። አካሉ ራሱ ከተያያዘ ግን ውሃ ያባብሰዋል እንጂ አያጠፋውም፣ ያኔ መራቅ ነው። ስለዚህ ማጥፊያውን አጠገብህ አድርገህ ነው የምትሠራው።

አሁን አየሩን እንፈልግ። እዚህ አገር ልማዱ ሞተሩ እየሠራ በመርፌ ቤንዚን መርጨት ነው። እባክህ አታድርገው። ተራ ውሃ ይበቃል። የፀጉር መርጫ ጠርሙስ ውሃ ሙላ፣ ሞተሩን አስነሳና ሰው ነዳጁን ትንሽ ይዞልህ ይቀመጥ። ዲስትሪቢውተሩንና ቦቢናውን (ለብልጭታው ኃይል የሚሰጠውን) ውሃ ሳታስነካ ሁለቱን ጎማዎች እርጭ፣ ከዚያ ኮሌክተሩ ከቴስታታው (ከሞተሩ ራስ) ጋር የሚገናኝበትን፣ ከዚያ የካርቡራተሩን መቀመጫ። ውሃው ስንጥቁን ለአፍታ ይደፍነዋል፣ ድምፁም ወዲያው ይቀየራል። ድምፁ የተቀየረበት ቦታ ነው በሽታው።

ጎማዎቹ ከሆኑ ሁለቱንም ቀይር፣ ከነማሰሪያቸው። መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሂድና በጣትህ እጠፋቸው፤ አንዳንዱ አዲስ ጎማ ገና ከፌስታሉ ሲወጣ ጠርዙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለው። እንዲህ ያለውን ከምትገጥም አሮጌው ይሻላል። ስንጥቁን በሲሊኮን የቀባ መካኒክ ካገኘህ ደግሞ ሁሉንም ልጠህ አውጣ። ቤንዚን ሲሊኮንን ያለሰልሰዋል፣ ፍርፋሪው ወደ ውስጥ ይሳባል። የካርቡራተሩን ሁለት ዳዶ በ13 ቁልፍ ስታጠብቅ አትታገል፣ መቀመጫው ከተጣመመ ሌላ አየር መግቢያ ፈጠርክ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለተኛው መካኒክ የሠራብህን ልንገርህ፣ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ስለሆነ ረዘም አደርገዋለሁ። ነዳጅ ስትረግጥ ካርቡራተሩ ውስጥ የምትከፈት ክብ ሳህን አለች። በድሮዎቹ ካርቡራተሮች ሚኒሞ የሚስተካከለው ይችን ሳህን በብሎን ትንሽ ከፈት በማድረግ ነው። 34 ፒክት 3 ግን እንደዚያ አይደለም። እግርህን ስታነሳ ሳህኗ ዝግ ማለት ይቻላል። ሞተሩ ከስሯ በኃይል ይስባል፣ የሚስበው አየር ግን በሳህኗ ሳይሆን በጎን በተሠራ ጠባብ መንገድ ዞሮ ነው የሚገባው። በግራ በኩል ካሉት ሁለት ብሎኖች ትልቁ ያንን መንገድ ያሰፋል ያጠባል፣ ትንሹ ቤንዚን የተቀላቀለበትን ይመጥናል። አሁን አንዱ መጥቶ የሳህኗን ክንድ የሚገፋውን ብሎን ቢያጠብቅ ሳህኗ ተከፍታ ትቀራለች። ከጠርዟ በላይ፣ ነዳጅ መርገጥ ስትጀምር ብቻ እንዲሠሩ የተቀመጡ ቀዳዳዎች ያለጊዜያቸው ቤንዚን መስጠት ይጀምራሉ። ከስር ያለው ስበት ይደክማል፤ በተቀደደ ስትሮ ለስላሳ እንደመጠጣት ነው። ትንሿን ብሎን ብታዞር ብታዞር ምንም አይሰማህም። ይባስ ብሎ ወደ ዲስትሪቢውተሩ የሚሄደው የስበት ቀዳዳም ይገለጣል፣ ብልጭታው ይፈጥናል፣ ዙሩ ይወጣል፣ መልሶ ይወርዳል። ያ ከፍ ዝቅ የምትለው ነገር እዚህም አለበት። ሚኒሞው “የተስተካከለ” የሚመስለው ሞተሩ ጨርሶ በሌላ መንገድ እየተነፈሰ ስለሆነ ነው።

ማስተካከያው ይኸው። ቅደም ተከተሉን አትዝለል። ሞተሩ ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት በቀዝቃዛው የቫልቮቹን ክፍተት 0.15 ሚሊሜትር አድርግ፣ የመግቢያውንም የመውጫውንም። ከዚያ ፑንቲናዋን (ዲስትሪቢውተሩ ውስጥ የምትከፈት የምትዘጋውን) 0.4 ሚሊሜትር። እነዚህ ሳይስተካከሉ ካርቡራተር መንካት ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ ሞተሩን አሙቀው፣ ቾኩ ሙሉ በሙሉ ይከፈት። የክንዷን ብሎን አላላው፣ ከዚያ ከቾኩ ጋር የሚዞረውን ደረጃ ደረጃ ያለውን ቁራጭ ዝቅተኛ እርከን እስኪነካ ብቻ አስገባው፣ ከነካ በኋላ ሩብ ዙር ጨምር። ከዚህ በኋላ አትንካው። ትንሿን ብሎን ሳትታገል እስከ መጨረሻው ዝጋና ሁለት ዙር ተኩል መልሳት። በትልቁ ሚኒሞውን ወደ 850 ዙር አምጣው። ትንሿን ከፍተኛው ዙር እስክታገኝ አዙር፣ ከዚያ ዙሩ በጣም በትንሹ እስኪወርድ ወደ ውስጥ መልስ፣ በትልቁ እንደገና 850። ከፍታው የሚመጣው እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ትንሿ ከሁለት ተኩል ዙር ትንሽ ዝቅ ብላ ብትጨርስ አትደንግጥ።

ትልቁን ብታዞር ምንም ለውጥ ከሌለና እግርህን ስታነሳ ሁልጊዜ የምትጠፋ ከሆነ፣ ካርቡራተሩ ጎን ላይ የኤሌክትሪክ ገመድ ያለውን የሚኒሞ መዝጊያ ፈትሽ። ቁልፉን አብራ፣ ሞተሩን አታስነሳ፣ ገመዱን አውልቀህ መልሰህ ንካው። “ቀጭ” ማለት አለበት። ይህንንም ቤንዚን የሚሸትበት ሰዓት አትሞክረው፣ ገመዱ ብልጭ ይላል።

ቤንዚኑንም ተመልከት። ወረፋ ሸሽተህ በጀሪካን ከገዛህ ነጭ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል። ነጭ ሳህን ላይ ጠብ አድርግ፣ ከእሳት ራቅ ብለህ። ንጹህ ቤንዚን ቶሎ ተኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ካለበት ቅባት ይቀራል።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ክረምት ላይ ብቻ ካስቸገረችህ ከኮሌክተሩ ስር የምታልፈውን ቀጭኗን የማሞቂያ ቱቦ አስብ። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ኮሌክተሩ ላይ ላብ ወይም አመዳይ ካየህ ቱቦዋ በጥላሸት ተደፍናለች። ውሃ ስትረጭ ድምፁ የተቀየረው ደግሞ የሳህኗ ዘንግ ጫፍ ላይ ከሆነ ጎማ ብትቀይር አይጠቅምህም። ዘንጉ ተበልቷል። እዚያው ሶማሌ ተራ የሚሸጠውን አዲስ ርካሽ ካርቡራተር አትግዛ፣ ያንተን ኦሪጅናል ቶርኖ ቤት ወስደህ ቡሽ አስገባለት። ስትፈታው ቤንዚኑን አፍስሰህ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ አውልቀህ።