ምን ብንጽፍ ሰው ያነበናል? የባሕር ዳር ነጋዴዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ወደ አንድ ጉዳይ ያመራሉ። አሳ ቤት ያላቸው፣ ጀልባ የሚያሠሩ፣ ቡና የሚያሽጉ፣ የሒሳብ ሥራ የሚሠሩ የከተማችን ሰዎች ስለ ሥራቸው በቴሌግራምና በፌስቡክ ይጽፋሉ። ይለፋሉ፤ የሚያነባቸው ግን ጥቂት ነው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬ፣ መልሱን እዚሁ ሰብሰብ አድርጌ አቅርቤዋለሁ።

«ሐይቁ ዳር አሳ ቤት አለኝ። በየቀኑ የምግብ ፎቶ ቴሌግራም ላይ እንለጥፋለን። የቻናሉ አባላት ብዙ ናቸው፤ ከፎቶው ሥር ካለችው የዓይን ምልክት ጎን የሚወጣው ቁጥር ግን በጣም ትንሽ ነው። ሰው ለምን አያየንም?» (ከሽምብጥ)

የላኩልኝን ልጥፎች አየኋቸው። የተጠበሰ ቀረሶ፣ ሎሚ፣ ዳጣ፣ ከሥሩ «እንኳን ደህና መጡ»። ፎቶዎቹ ያምራሉ። ችግሩ የትናንቱን ያየ ሰው ከዛሬው የሚያገኘው አዲስ ነገር አለመኖሩ ነው። የሚያውቀው ሰው ቤት ቻናል ስለሆነ ከአባልነት ለመውጣት ይሉኝታ ይይዘዋል። ሚዩት ማድረግ (የቻናሉን ማሳወቂያ ድምፅ መዝጋት) ግን ማንንም አያስቀይምም። በአባላት ቁጥር ውስጥ አለ፤ ማንበብ ካቆመ ግን ቆይቷል።

የሚጻፈውን ከአስተናጋጆችዎ ያግኙት። ለአንድ ሳምንት ደንበኛ የሚጠይቃቸውን ነገር ሁሉ ደብተር ላይ እንዲይዙ ያድርጉ። «ዛሬ ምን አሳ ገባ?» «ቀረሶና አምባዛ ምን ይለያቸዋል?» «ለልጅ እሾህ የሌለው የቱ ነው?» «ለአምስት ሰው ስንት ይበቃል?» «መኪና ማቆሚያ አላችሁ?» እያንዳንዷ ጥያቄ ራሷን የቻለች ጽሑፍ ናት። ለምሳሌ እንዲህ ቢሉ፦

«ዛሬ ጠዋት የገባልን ቀረሶ ነው፤ አምባዛ የለም። ልጆች ይዛችሁ የምትመጡ ከሆነ ጉላሹን እዘዙ፣ እሾሁን አጽድተን ነው የምንሠራው። ሙሉ ጥብስ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃል። ከ8 ሰዓት በኋላ የምትመጡ ቀድማችሁ ደውሉልን።»

አራት መስመር ናት። ያነበበ ሰው ምሳውን ይወስናል። ቴሌግራም ከፎቶ ሥር እስከ 1,024 ፊደል ድረስ ይፈቅዳል፤ ለእንዲህ ያለ ጽሑፍ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አጥብቄ እለምንዎታለሁ። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው ይቅር። ሰው ዋጋ የሚፈልገው ከኪሱ ጋር ለመማከር ነው። ኢንቦክስ ገብቶ ከጠየቀ በኋላ «ተወደደብኝ» ማለት ያሳፍረዋል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያውም አይጠይቅም፣ ዝም ብሎ ያልፋል። ዋጋ በግልጽ የሚጽፍ ቤት ግን ባይገዙም ይነበባል። ቢያንስ ዋጋ ለማወቅ ይገቡበታል፤ አንድ ቀን ደግሞ ሊበሉ ይመጣሉ።

«ጀልባ አለን፣ እንግዳ ወደ ገዳማቱ እንወስዳለን። ፌስቡክ ላይ ስለ ጣና ውበት እንጽፋለን። ከአዲስ አበባና ከውጭ የሚመጡ ሰዎች እንዲያነቡን ምን እናድርግ?» (ከጀልባ ባለቤቶች)

ወንድሞቼ፣ ስለ ጣና ውበት የጻፈ ሰው ሞልቷል። የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ መሆኑን፣ በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ መመዝገቡን ማንም የትም ያገኘዋል። ሊመጣ ያሰበ ሰው የሚጨነቀው በሌላ ነገር ነው፤ ያንን የምታውቁት ደግሞ እናንተ ናችሁ።

ለምሳሌ እናቱንና ሚስቱን ይዞ ሊመጣ ያሰበ ሰው አለ እንበል። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም። ዘጌ ያለው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሴትም ወንድም ይገባበታል። ይህን ጀልባው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሲሰማው የቤተሰቡ ሁሉ ፊት ይጠቁራል። ስለዚህ «ድንቅ ጣና» የሚለውን ርዕስ ትታችሁ «ከእናቴ ጋር ወደ ጣና ገዳማት ብመጣ የትኞቹ ጋ እንገባለን?» ብላችሁ ጻፉ። ሰው ለጓደኛው የሚልከው እንዲህ ያለውን ነው። ፌስቡክ ላይ አንባቢ የሚበዛው ደግሞ ሰው ለሰው ሲያጋራ ነው።

ከዚያ ቀጥሉ። ነጠላ ያስፈልጋል ወይ? ቤተ መቅደሱ ጋ ጫማ ይወልቃል፤ ካልሲ ይዞ መምጣት ይሻላል ወይ? ከጀልባው ወርዶ ስንት ደቂቃ በእግር ይኬዳል፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው እናት ይችሉታል ወይ? ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ እንዴት ነው፣ ጠዋት በስንት ሰዓት መነሳት ይሻላል? ናርጋ ሥላሴ ደቅ ደሴት ላይ ስለሆነ ዘጌን አይቶ ለምሳ እንደመመለስ አይደለም። የሕይወት ጃኬት አለ ወይ፣ የልጅ ልክስ? የጀልባው ኪራይ በሰው ነው ወይስ በጉዞ? መልሱን ከነዋጋውና ዋጋው ከተጻፈበት ቀን ጋር አውጡት። ዋጋው ሲቀየር እዚያው አስተካክሉ፤ ልጥፉንም ከገጹ አናት ላይ ፒን አድርጉት።

እውነቱን መጻፍ አትፍሩ። ጢስ ዓባይን ውሰዱ። ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክረምት ሊወጣ ሲል የሚታየው ፏፏቴና ሚያዝያ ላይ የሚታየው አንድ አይደሉም። ወንዙ በበጋ ይቀንሳል፤ ካለው ላይም ለኃይል ማመንጫ ይጠለፋል። «ይህን ብንጽፍ እንግዳው ይቀርብናል» ብላችሁ የምትሠጉ ትኖራላችሁ። ሚያዝያ ላይ የመስከረሙን ፎቶ አይቶ የመጣ እንግዳ ግን ተቆጥቶ ይመለሳል፣ ቁጣውንም ይጽፈዋል። «በዚህ ወር ውሃው ቀጭን ነው፤ እንዲያውም ዘጌ ብትውሉ ይሻላችኋል» ያለውን ባለጀልባ ግን ያምነዋል፤ ሌላ ጊዜም ሌላ ቦታ ሳይሄድ እሱን ያነባል።

ጊዜውንም አስቡበት። የኪዳነ ምሕረት ዓመታዊ በዓል የካቲት 16 ነው። የካቲት 15 ማታ የተጻፈ ማስታወቂያ ማንን ያመጣል? ሰው ፈቃድ የሚጠይቀው፣ ትኬት የሚቆርጠው፣ ዘመድ የሚያስተባብረው ሳምንታት ቀድሞ ነው። ስለ የካቲት 16 በጥር፣ ስለ ጥምቀት በኅዳርና በታኅሣሥ ጻፉ።

«የዘጌ ቡና እያሸግሁ እሸጣለሁ። ጉግል ላይ ስፈልግ ግን ራሴን አላገኘውም። በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በእንግሊዝኛ?» (ከዘጌ)

እህቴ፣ ገዢሽ ማን እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። አብዛኛው የአገር ሰው ከሆነ በአማርኛ ጻፊ። ለውጭ እንግዳ የሚሆነውን ለብቻው፣ በሌላ ጽሑፍ አዘጋጂ። ሁለቱን አንድ ልጥፍ ውስጥ ስታቀላቅያቸው ለሁለቱም አንባቢ ግማሹ ትርፍ ይሆንበታል።

ጉግል ላይ አለመገኘትሽ ግን ምክንያቱ ቋንቋው አይመስለኝም። የላክሽልኝ ገጽ ላይ ስለ ቡናሽ የተጻፈው ሁሉ ፎቶ ውስጥ ነው። ፖስተሩ ላይ በጌጠኛ ፊደል «ጥራት መለያችን ነው» ይላል፤ ከሥሩ የተጻፈ ነገር የለም። በፎቶ ውስጥ ያለ ጽሑፍ ለፍለጋ አይመችም። በተራ ፊደል ጻፊው። ርዕሱም ሰው የሚፈልገውን ነገር ይናገር፦ «የዘጌ ቡና ባሕር ዳር የት ይገኛል? የተቆላውስ ግማሽ ኪሎ ስንት ነው?» አንዱ «ባሕር ዳር»፣ ሌላው «ባህር ዳር»፣ ሌላው ደግሞ አጋጥሞ «ባህርዳር» ብሎ ይፈልጋል። ርዕስሽ ላይ አንዱን፣ ውስጡ ላይ ሌላውን ብትጠቀሚ ነውር የለውም።

የጉግል ካርታ ላይ የንግድ ቤትሽን በነፃ ማስመዝገብ ትችያለሽ። ቦታውን፣ ስልኩን፣ የምትከፍችበትን ሰዓት አስገቢ። ገዝቶ የወደደውን ደንበኛ አስተያየት እንዲጽፍልሽ ጠይቂው፤ ለአስተያየት ገንዘብ ወይም ስጦታ መስጠት ግን ጉግል ራሱ ይከለክላል። የራስሽ ድረ ገጽ ካለሽ ደግሞ ሰርች ኮንሶል የሚባለው የጉግል መሣሪያ ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንዳገኙሽ ያሳይሻል። እሱም በነፃ ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። አንቺ ዘጌ ነሽ! ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንደሚበቅል፣ በዘጌ ትውፊት መሬቱ በበሬ እንደማይታረስ፣ ደኑ ከገዳማቱ ጋር ተጠብቆ እንደኖረ ገዢሽ ያውቃል? እሱ የሚያየው ከረጢቱን ብቻ ነው። ቡናውን ማን እንደለቀመው፣ ስንት ቀን እንደተሰጣ፣ ዝናብ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉ ጻፊለት። ቡናው የሚሰጣበትን አልጋ ፎቶ አንሺ፣ ቀኑን ጻፊ። ይህን ከአንቺ ቀድሞ ሊጽፍ የሚችል የአዲስ አበባ ቡና ሻጭ የለም።

«አንድ ልጅ በትንሽ ብር ብዙ ሺህ ተከታይ አስገባላችኋለሁ አለን። እንግዛ?» (ከፔዳ አካባቢ)

አትግዙ። የሚገቡት አካውንቶች አያነቡም፣ አይገዙም፣ ብዙዎቹም ሰው አይደሉም። ፌስቡክ ጽሑፋችሁን ለማን እንደሚያሳይ ሲወስን ሰዎች ለጽሑፉ የሚሰጡትን ምላሽም ያያል። የተገዙ ተከታዮች ደግሞ ምላሽ አይሰጡም። ገንዘቡን ለአንድ ጥሩ ፎቶ አንሺ ክፈሉት።

«የሒሳብ ሥራ ቢሮ አለኝ። ስለ ግብር እጽፋለሁ፤ ሰው ደረቅ ነው ይለኛል። እንዴት ላጣፍጠው?» (ከባሕር ዳር)

ማጣፈጡን ይተዉት። ግብር የሚከፍል ሰው ቀልድ ፈልጎ አይደለም እርስዎ ጋ የሚመጣው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ነጋዴው ጭንቅ ከመግባቱ በፊት ግንቦትና ሰኔ አሉ። ያኔ ይጻፉ። የአዋጁን አንቀጽ ከመገልበጥ ይልቅ አንዲት የጫማ መደብር ይውሰዱ፤ ደረሰኝ የጠፋባት፣ ኪራይዋን በእጅ የከፈለች፣ ሁለት ሠራተኛ ያላት ትሁን። ምን ታድርግ? ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይሥሩላት። ምሳሌውን ግን ከራስዎ አእምሮ ያውጡት። የደንበኛዎን ጉዳይ ስሙን ቀይረው እንኳን አይጻፉ፤ ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሰው ይተዋወቃል።

«በ2015 ክረምት የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ አንባቢዎቻችንን በሙሉ አጣን። ተመልሶ ለመሰብሰብ ብዙ ጊዜ ወሰደብን። ደግሞ ቢመጣስ?» (ከዓባይ ማዶ፣ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር)

ያ ጊዜ ብዙ ቤት አስዘግቷል፤ ሥጋትዎ ይገባኛል። ሁሉን ነገር አንድ መተግበሪያ ላይ አያስቀምጡ። የደንበኛ ስልክ ቁጥር ይሰብስቡ፤ ፈቃዱን ጠይቀው፣ ለምን እንደሚጠቀሙበት ነግረው። በ2016 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም አለ፣ ቁጥሩን ለሌላ አሳልፈው አይስጡ። ዳታ ሲጠፋ አጭር መልእክት ብዙ ጊዜ ይሠራል። በአማርኛ ፊደል ሲጽፉ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፤ ከዚያ ካለፈ እንደ ሁለት ይቆጠራል። «የ8ኛ ክፍል መለማመጃ ደብተር ገብቷል። እስከ ቅዳሜ ቅናሽ አለ።» ይህች ትበቃለች።

በሱቁ በር ላይ ደግሞ የሳምንቱን ጽሑፍ አትመው ይለጥፉ። ወላጅ ልጁን ይዞ ሲያልፍ ቆሞ ያነባል። የጻፉትን ሁሉ ኮምፒውተርዎ ላይም ያስቀምጡ፤ ገጹ ቢዘጋ እንኳ ሥራው አይጠፋም። ፎቶም ከመለጠፍዎ በፊት መጠኑን ይቀንሱት፤ ደካማ ኔትወርክ ላይ ያለ አንባቢ አይጠብቅም።

«ቻትጂፒቲ እየጻፈልን ብንለጥፍስ?» (ሦስት ሰዎች ጠይቀውኛል)

ፊደል ለማረም፣ ረጅሙን ለማሳጠር ይጠቀሙበት። ዛሬ ጠዋት ወደቡ ላይ ምን አሳ እንደወረደ ግን አያውቅም። ሳያውቅም በድፍረት ይጽፋል። ክብራን ገብርኤል ሴቶችን ያስገባል ብሎ ቢጽፍላችሁና እናንተም ብትለጥፉት፣ እንግዳዋ ወደቡ ላይ ቆማ የምትጠይቀው እናንተን ነው። ስለዚህ የቦታ ስም፣ ዋጋ፣ ሰዓትና ቀን ያለበትን መስመር ሁሉ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አንብቦ ሳያጸድቅ አትልቀቁት።