መልስ፦ 560 ኤስኤልዎን ከመሸጥዎ በፊት
«20 ዓመት በጥንቃቄ የያዝኩትን፣ እንደ አውሮፓውያን በ1987 የተሠራ ጣሪያው የሚገለጥ መርሴዲስ 560 ኤስኤል ከመሸጤ በፊት ቀለም ላስቀባው ወይ?» ብለው ለጠየቁት፦ እባክዎ አያስቀቡት! የፋብሪካው ቀለም ጥቂት ጭረት ቢኖርበትም አዋቂ ገዢ የሚመርጠው እሱን ነው። አዲስ ቅብ ሲያይ «ከሥሩ ምን ተደብቆ ይሆን?» ብሎ ይጠረጥራል፤ የቀለም ውፍረት መለኪያ ይዞ የሚመጣም አለ። ይህ ሞዴል ከኮፈኑ ሥር፣ ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ግድግዳ ላይ መዛግ ይወዳል። እዚያ ንጹሕ ከሆነ በፎቶ ያሳዩ።

ለቀለም ያሰቡትን ገንዘብ ለታይሚንግ ካቴናው፣ ማለትም የሞተሩን ቫልቮችና ፒስተኖች እንቅስቃሴ ለሚያቀናጀው ሰንሰለት፣ ያውሉት። የካቴናው የፕላስቲክ መምሪያዎች በዕድሜ ብዛት ይደርቁና ይሰበራሉ፤ ያን ጊዜ ያ ድንቅ 5.5 ሊትር ቪ8 ሞተር ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ቀደም ብለው አስቀይረው ከሆነ ደረሰኙን ከፊት ያስቀምጡ።

ተነቃዩን ጠንካራ ጣሪያ ለብቻው አይሽጡ፤ መኪናውን ያጎድለዋል። ገዢው ሲመጣ ሞተሩን ቀድመው አያሙቁ፤ ቀዝቃዛውን ራሱ ያስነሣው። እኔ የራሴን ስሸጥ ዋጋ መከራከሩን ያስቆመው ይኸው ነበር። ቁልፉን ያስረከብኩት ግን ገንዘቡ ሒሳቤ ውስጥ መግባቱን ከባንኩ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።