ዶሮ ሳይታረድ ገና ይከበራል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከኮምቦልቻ ነው። የስድስት ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ፣ የማሳድገውም ብቻዬን ነው። በቀን ሥራ ነው የምንኖረው። ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ የሚተርፍ ነገር የለም። አምና የአከራዮቼ ልጆች የገና ዛፍ አቁመው መብራት ሲያበሩ፣ ልጄ በራቸው ላይ ቆሞ ሲያይ አመሸ። ከዚያ መጥቶ "እማ፣ የእኛ ገና መቼ ነው?" አለኝ። መልስ አጣሁ። ዘንድሮም ዶሮም ሆነ አዲስ ልብስ የምገዛበት የለኝም። አንዷ ጓደኛዬ በወለድ የሚያበድር ሰው ላገናኝሽ ትለኛለች። ሙስሊም ጎረቤቴ ደግሞ "የልጁን ልብስ እኔ ልግዛ" ብላኛለች፤ ብቀበል ኃጢአት ይሆንብኝ ይሆን? ዛፉንስ ቤተ ክርስቲያን እንዴት ታየዋለች? ይምከሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ታኅሣሥ ሳይገባ ስለሆነ ጊዜ አለን።

መጀመሪያ የብድሩን ነገር እንጨርስ። አትበደሪ። ለሕመም ቢሆን ሌላ ነገር ነበር፤ ለዶሮ ግን አትበደሪ። ያደግሁት እዚሁ ደሴ ነው። አንድ ዓመት አባቴ ለገና ጫማ ገዛልኝ። አድርጌው ልተኛ ምንም አልቀረኝም። በጥር ግን አንድ ሰው በራችንን ማንኳኳት ጀመረ። አባቴ ጓዳ ገብቶ "የለም በለው" ይለኛል፣ እኔም ወጥቼ "አባዬ የለም" እላለሁ። ያ ጫማ ቀለሙ ምን እንደነበር ዛሬ ብትጠይቂኝ አላውቅም። በሩ ሲንኳኳ የአባቴ ፊት እንዴት እንደሚሆን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጅሽ ለበዓል ብለሽ የገባሽበትን ጭንቀት ሳይነግሩት ያውቀዋል። ልጆች ይህን የሚያውቁት ከየት እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ያውቃሉ።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ ልመለስ። "የእኛ ገና መቼ ነው?" ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልስም አለው። ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ 28 ይሆናል። የፈረንጆቹ በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ላይ ስለሚውል፣ መብራቱ በየቤቱ ቀድሞ ይበራል። ልጁ ደግሞ በዓሉ ሳይነካው ያለፈ ይመስለዋል። ስለዚህ ቀኑን ንገሪው፣ እንዲቆጥርም አድርጊው። አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጥፊለትና በየማታው በከሰል አንድ አንድ ሰረዝ ያስምር። ልጅ የሚጠብቀው ነገር ካለው የበዓሉ ግማሽ ተጀመረ ማለት ነው።

ቤተ ክርስቲያናችንም የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ መጠበቅ ታስተምራለች። ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያትን ጾም የምንጾመው ለዚህ ነው። ከልደት በፊት ደግሞ ሦስት ሰንበቶች አሉን። ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው ሳምንት የሚውለው እሑድ ስብከት ይባላል። ከ14 እስከ 20 ያለው ብርሃን ነው። ከ21 እስከ 27 ያለው ኖላዊ ነው፣ እረኛ ማለት። ሦስት እሑድ፣ ሦስት ታሪክ አድርጊያቸው። በስብከት ነቢያቱ "ይመጣል፣ ይወለዳል" ብለው እንዴት እንደጠበቁ ንገሪው። በብርሃን እሑድ ማታ አምፖሉን አጥፊና አንዲት ጧፍ አብሩ፤ ነቢያቱ ብርሃን ላክልን እያሉ ይጸልዩ እንደነበር በጧፉ ብርሃን ንገሪው። (ያን ዕለት መብራት ራሱ ከጠፋ ደግሞ ዝግጅቱን ሌላ ሰው አዘጋጀልሽ ማለት ነው።) የታኅሣሥ ገብርኤልም፣ 19 ላይ፣ በዚሁ ሳምንት ነው የሚውለው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል ከእሳት የወጡበትን ታሪክ የስድስት ዓመት ልጅ አሥር ጊዜ ብትነግሪው አይሰለቸውም። በኖላዊ ደግሞ ስለ እረኞቹ ትነግሪዋለሽ። የምሥራቹን ከሰው ሁሉ ቀድመው የሰሙት በሌሊት መንጋ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ቤተ መንግሥት የተኛ ሰው አልሰማም።

አንድ ነገር ግን እለምንሻለሁ። ልጁ "ለምን እኛ የለንም?" ሲልሽ "ጌታም በበረት ነው የተወለደ" ብለሽ አፉን አታስይዢው። ይህን የምለው እኛ ሰባኪዎች ራሳችን ስለምናደርገው ነው። ወንጌል ልጅን ዝም ማሰኛ ዱላ አይደለም። "ዘንድሮ ገንዘቡ አልበቃንም፣ እኔም አዝኛለሁ" በይው። እውነቱን ይቀበላል። "በሚቀጥለው ሳምንት እገዛልሃለሁ" ብለሽ አለመግዛቱ ነው የሚጎዳው።

በረቱን በሌላ ቀን፣ ሆዱ ሞልቶ ልቡም ደስ ሲለው ንገሪው። ያኔ ለአንቺም የሚሆን ነገር አለው። ሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ እመቤታችን ልጇን ወደ ቤተ መቅደስ ስትወስድ መሥዋዕቱ ሁለት ዋኖስ ወይም ሁለት የርግብ ጫጩት እንደሆነ ተጽፏል። ዘሌዋውያን 12፥8 ብታነቢ ይህ ጠቦት ለመግዛት እጇ ላጠራት እናት የተፈቀደ ነው። ገበያ ሄዳ ዋጋ ጠይቃ ዝም ብላ የተመለሰች እናት ስሜት ለእመቤታችን እንግዳ አይደለም። ስለዚህ በጸሎትሽ ይህን ለእርሷ ለመንገር አትፈሪ። የዶሮውን ዋጋ ሳይቀር ንገሪያት።

አሁን ስለ ዋዜማው። ልጁን ይዘሽው ሂጂ። ኮምቦልቻ እንደ ደሴ አይደለም፣ ከሐረጎ ቁልቁል ሲወረድ ብርዱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም የታኅሣሥ ሌሊት ነውና ጋቢ ያዢ። ማኅሌቱን፣ ከበሮውን፣ ጸናጽሉን፣ ጧፍ የያዘውን ሕዝብ ይይ። እንቅልፍ ከወሰደው ጭንሽ ላይ ይተኛ፣ አትቀስቅሽው። ከበሮ እየሰማ ቤተ ክርስቲያን የተኛ ልጅ ያንን ሌሊት አይረሳውም። ቀደም ብለሽ የንስሐ አባትሽን አነጋግሪና ለቅዱስ ቁርባን አዘጋጂው። በዚያ ቀን ለልጅ ከሚሰጠው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፣ ዋጋም አይጠየቅበትም። ከበዓሉ በፊትም "ስብሐት ለእግዚአብሔር በሰማያት፣ ወሰላም በምድር" የሚለውን አስጠኚው። መላእክት ለእረኞቹ የዘመሩት ነው በይው። ሌሊት ካህኑ ሲለው ሲሰማ "እማ፣ የኔን አሉት!" ማለቱ አይቀርም።

ወደ ወጡ እንምጣ። ዶሮ የሥርዓቱ አካል አይደለም፤ ባህል ነው፣ ደስ የሚል ባህል። ሥርዓቱ ጾሙን ጾሞ፣ አስቀድሶ፣ አመስግኖ መፍታት ነው። እንቁላል ካገኘሽ ሽንኩርቱን በደንብ አቁላይና በቀይ ወጥ ስሪለት። እሱም ካልሆነ ሽሮው ላይ ቅቤ ጣል አድርጊበት፤ ከአርባ ቀን በላይ በዘይት ከርሞ ቅቤ የሸተተው ቤት በዓል በዓል ይላል። ከሁሉም ግን ድፎ ዳቦውን አትተይው። ዱቄቱን ከአሁኑ ትንሽ ትንሽ አድርገሽ አስቀምጪ። ሊጡ ሲቦካ ልጁ ይይ፣ ይንካ፣ ይጨማለቅ። ጠዋት ዳቦው ሲቆረስ "አባታችን ሆይ" የሚለው እሱ ይሁን። ቢላዋውን አብራችሁ ያዙ። በየቤቱ ይህ የአባወራ ሥራ ነው፤ በእናንተ ቤት የእሱ ሥራ ነው። ቄጤማውንም እሱ ይጎዝጉዝ። ልጅ በበዓል ቀን ሥራ ሲሰጠው ምን ያህል እንደሚኮራ ታያለሽ።

የመጀመሪያውን ቁራሽ ደግሞ በእጁ ይዞ ለተቸገረ ሰው ይስጥ። ድሃ ነንና አንሰጥም አትበይ። ጌታ ያመሰገናት መበለት ሁለት ሳንቲም ብቻ ነበራት። ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ዳቦ የሰጠ ልጅ የሌለው ልጅ ሆኖ ወደ ቤቱ አይመለስም።

የ2014ን ገናም አትርሺ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ነበር ጦርነቱ ከደሴና ከኮምቦልቻ የወጣው። በዓሉ የደረሰው ከአንድ ወር በኋላ ነው። ስንቱ ቤት ተዘርፎ፣ ስንቱ ሰው ድስት እንኳ ተውሶ ነበር። ያን ዓመት ማን ምን እንደለበሰ፣ ማን ምን እንዳረደ የጠየቀ ሰው አላየሁም። "አላችሁ?" ነበር ሰላምታው።

ልብሱን በተመለከተ፣ የጎረቤትሽን ስጦታ ተቀበያት። ምንም ኃጢአት የለበትም። እኛ ወሎዎች በእርድ እንለያያለን፣ ሥጋው ለየብቻ ነው፤ ቡናው፣ ለቅሶውና ሠርጉ ግን አንድ ነው። ይህ ደግሞ ልብስ ነው። አንቺም በገና ማግስት ቡና አፍይና ጥሪያት፣ ከድፎውም ቁረሺላት። ልጁ ራሱ ሄዶ "እማ ቡና ትልሻለች" ይበላት። ኢድ ሲደርስም አትርሻት፤ ከቻልሽ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ካልቻልሽ "እንኳን አደረሰሽ" ብለሽ በሯ ላይ መቆም ይበቃል። እሷ ባትኖርም ኖሮ የታጠበ ልብስ የበዓል ልብስ ነው እልሽ ነበር። ሰልባጅ ተራም ሄደሽ ብትፈልጊ አታፍሪ። አንድ ልብስ ብቻ ከተገኘ ደግሞ ማሰብ ነው፤ ከገና እስከ ጥምቀት 12 ቀን ብቻ ነው። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" የሚባለውን ታውቂያለሽ። ለገና የለበሰውን አጥበሽ ለጥር 11 ታወጪለታለሽ።

ስለ ዛፉ። ዛፍ ማቆም በራሱ ኃጢአት ነው አልልም። የእኛ ትውፊት ግን አይደለም፤ በልደት ሥርዓታችንም ቦታ የለውም። አከራዮችሽን አትንቀፊያቸው፣ ልጁም ሄዶ መብራቱን ቢያይ አትከልክይው። ያ ቀይ የለበሰ ሽማግሌ ማነው ካለሽም ንገሪው። ነገሩ የመጣው የሜራ ጳጳስ ከነበረው ከቅዱስ ኒቆላስ ነው። በትውፊት እንደሚነገረው አንድ የተቸገረ አባት ሦስት ሴት ልጆቹን የሚድርበት አጥቶ ሳለ፣ ኒቆላስ በሌሊት በስውር ወርቅ በቤቱ ጥሎለት ሄደ። ሰው እንዳያውቅበት ነበር የፈለገው። አሁን ፎቶው በየሱቁ መሰቀሉን ቢያይ ምን ይል እንደነበር አላውቅም።

ለልጅሽ ግን ከዛፉ የሚበልጥ የራሳችን ነገር አለን፤ የገና ጨዋታ። እረኞቹ የምሥራቹን ሲሰሙ በደስታ በዱላቸው የተጫወቱት ነው ይባላል። ጫፉ ቆልመም ያለ እንጨት ፈልጊለት፤ አጎት ወይም የጎረቤት አባወራ በቢላዋ ያስተካክልለታል። ሩሩን፣ በዱላው የሚመታውን ኳስ፣ ደግሞ አንቺ ሥሪ። አሮጌ ጨርቅ ጠቅልለሽ በሲባጎ ጥብቅ አድርገሽ እሰሪው፤ ለትንንሽ ልጆች የእንጨት ሩር አይሆንም፣ ግንባር ይመታል። የአከራዮቹንም ልጆች፣ የጎረቤትሽንም ልጆች ይጥራ። ከዚያ ዱላው የሱ፣ ሩሩም የሱ፣ ቡድን የሚከፍለውም እሱ ነው። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ነውና ልብሱን አቧራ አድርጎ ቢመጣ በዚያን ቀን አትቆጪው።