ከዘይት የሚሰራ ናፍጣ፦ ጠየቃችሁ፣ እነሆ መልሱ

ስለ ባዮዲዝል ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ ተመሳሳይ ስለሆነ አንድ ላይ እየመለስኩ ልሂድ።

ጋሼ፣ የምግብ ዘይት እንዳለ ናፍጣ ታንክ ውስጥ ብጨምረውስ?

ተው ወንድሜ። ሞተሩ መነሳቱን ይነሳል። በ1900 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ የዲዝል ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሰራ ታይቷል። ግን ጥሬ ዘይት ከናፍጣ አስር እጥፍ ያህል ይወፍራል። ኖዝሉ አድቅቆ አይረጨውም፣ በደንብ ያልተቃጠለው ጥላሸት ሆኖ ይጋገርበታል። ባዮዲዝል የምንሰራው ይሄን ውፍረት ለመቀነስ ነው።

መጠኑስ?

ላልተጠበሰበት ዘይት፣ በ1 ሊትር 200 ሚሊ ሊትር ሜታኖል የሚባለው አልኮልና 3.5 ግራም ኮስቲክ ሶዳ። ሶዳው መጀመሪያ ሜታኖሉ ውስጥ ይሟሟል፣ ከዚያ 55 ዲግሪ በሞቀ ዘይት ላይ ተጨምሮ ለአንድ ሰዓት ያህል ይማሰላል። ሜታኖል 65 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ ከ60 አታሳልፉ። ሲያድር ከዘይቱ የሚለየው ወፍራም ፈሳሽ፣ ግሊሰሪኑ፣ ወደ ታች ይዘቅጣል፣ ከላይ ያለው ተቀድቶ በውሃ ይታጠብና እርጥበቱ ይወጣለታል። አደራ ግን፣ ሜታኖል ትነቱም መርዝ ነው፣ ዓይን ያጠፋል፣ ነበልባሉ ደግሞ በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ቤት ውስጥና እሳት አጠገብ በፍጹም አትሞክሩት።

ከችብስ ቤት የተጠበሰበት ዘይት በነጻ አገኛለሁ። መጠኑ ያው ነው?

አይደለም እህቴ። የተጠበሰበት ዘይት አሲድ አለው፣ አሲዱ ሶዳውን ይበላና ሳሙና ይሆንብሻል። ስለዚህ መጀመሪያ ለኪው። 1 ሚሊ ሊትር ዘይት በ10 ሚሊ ሊትር አይሶፕሮፒል አልኮል አሟሚና ፌኖልፍታሊን (አሲዱ ሲያልቅ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ) ጠብ አድርጊበት። ከዚያ በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 1 ግራም ሶዳ የሟሟበትን ውህድ፣ ሮዝ ሆኖ እስኪቆይ ድረስ በጠብታ ጨምሪ። 2 ሚሊ ሊትር ከፈጀ፣ በሊትር የምትጠቀሚው ሶዳ 3.5 ሲደመር 2፣ 5.5 ግራም ነው።

ሌላም ነገር አለ። አዲስ አበባ ላይ ብዙው መጥበሻ ቤት የሚጠቀመው ከውጭ የሚገባ ፓልም ነው። የፓልም ባዮዲዝል 15 ዲግሪ አካባቢ መደፍረስ ይጀምራል፣ የታህሳስ ሌሊት ደግሞ ከ10 በታች ይወርዳል። ጠዋት ፊልትሮው ተዘግቶ ታገኚዋለሽ። ድሬዳዋ ብትሆኚ ብዙም አያሳስብም ነበር። እዚህ ናፍጣው ላይ ትንሽ ብቻ ቀላቅለሽ ተጠቀሚ።

ዴንቨር ነው የምኖረው፣ እዚህ ሄምፕ (የማያሰክር የካናቢስ ዝርያ) ማብቀል ህጋዊ ነው። ዘይቱ ያዋጣል?

በብርድ ከፓልሙ እጅግ ይሻላል። ግን ቶሎ ይበላሻል። የአውሮፓ መስፈርት ለአዮዲን ቁጥር (ከፍ ባለ መጠን ዘይቱ ቶሎ ይበላሻል) ከ120 በላይ አይፈቅድም፣ ሄምፕ 160 አካባቢ ነው። ሊኖሌኒክ አሲዱም (ቶሎ የሚበላሸው የዘይቱ ክፍል) ከተፈቀደው 12 በመቶ ያልፋል። ብቻውን ሳይሆን ከሌላ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ፣ ሳይከርም ቢቃጠል ይሻላል። በዚያ ላይ ለምግብ ውድ ዋጋ የሚያወጣ ዘይት ነው፣ እኔ አላቃጥለውም። ኢትዮጵያ ውስጥ ግን ተክሉን ማብቀል በህግ የተከለከለ ስለሆነ ወሬውም አያስፈልግም።

ጉሎስ?

መሬት አይመርጥም፣ ግን ባዮዲዝል ሆኖም ውፍረቱ አይለቀውም፣ ከመስፈርቱ በእጥፍ ይበልጣል። ለብቻው አይሆንም።

ጥሩ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ይሄን ብዙዎች ይዘሉታል፣ እኔን የሚያንገበግበኝም ይሄው ነው። ጥርት ብሎ ስለታየ ብቻ ታንክ ውስጥ አታፍስሱ! 3 ሚሊ ሊትር ባዮዲዝል በ27 ሚሊ ሊትር ሜታኖል ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ ገደማ፣ በደንብ በጥብጡ። ከታች ዘይት ከዘቀጠ አልበሰለም፣ እንደገና ይሰራል። ሌላው፣ ከውሃ ጋር እኩል አድርጋችሁ በጠርሙስ በኃይል ናጡት። በደቂቃዎች ውስጥ ለሁለት ካልተለየና እንደ እርጎ ከሆነ ሳሙና አለበት። ላብራቶሪ ካገኛችሁ እሳት የሚይዝበትን ሙቀት አስለኩ፣ በአውሮፓ መስፈርት ከ101 ዲግሪ ማነስ የለበትም። ካነሰ ብዙውን ጊዜ ሜታኖል ቀርቶበታል ማለት ነው።

አሮጌ ፒክአፕ አለኝ፣ ይጎዳዋል?

የተፈጥሮ ጎማ ቱቦ ካለው ያለሰልሰዋል፣ አስቀይረው። ታንኩ ውስጥ የከረመውን ቆሻሻም አጥቦ ስለሚያወርድ፣ ከመጀመሪያዎቹ ሙሌቶች በኋላ ፊልትሮ መቀየርህ አይቀርም። አንድ ትርፍ ፊልትሮ መኪናው ውስጥ ያዝ።