«ክሱ ውድቅ ይደረግልኝ» የሚል ማመልከቻ ሲደርስዎ

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ ነው። አንድ ፖሊስ ያለ በቂ ምክንያት አስሮ ስላሳደረኝ የከተማውን ፖሊስ መምሪያና አዛዡን በፌዴራል ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ከስሻለሁ። አሁን የከተማው ጠበቃ «ሞሽን ቱ ዲስሚስ» ልኮልኛል። ክሴ ተዘጋ ማለት ነው? ማስረጃዬን ሁሉ ላያይዝ?

መልስ፦ አልተዘጋም፤ የደረሰዎት የተከሳሽ ጥያቄ እንጂ የዳኛ ውሳኔ አይደለም። ጠበቃው የሚለው «ከሳሽ የጻፉት ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ በሕግ የሚያስጠይቀን ነገር የለም» ነው። ስለዚህ በዚህ ደረጃ የሚመረመረው የክስ ጽሑፍዎ ነው። ፎቶና የምስክር ቃል መከመር ብዙም አይጠቅምም።

መጀመሪያ ቀኑን ይቁጠሩ። በፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንብ 15 መሠረት፣ ከዚህ በፊት ክሱን ካላሻሻሉ፣ ማመልከቻው ከደረሰዎት በኋላ በ21 ቀን ውስጥ ማንንም ሳያስፈቅዱ አንድ ጊዜ ማሻሻል ይችላሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ለማመልከቻው መልስ መስጫው በየፍርድ ቤቱ የውስጥ ደንብ ይወሰናል፣ በብዙ ቦታም 14 ቀን ነው። 21 ብለው ሲጠብቁ 14ቱ ካለፈ ዳኛው «ተቃውሞ የለም» ሊሉ ይችላሉ። ከሁለቱ ቀኖች ባጠረው ውስጥ ክሱን ያሻሽሉ፣ ወይም ቀኑ ሳያልፍ ጊዜ እንዲራዘም ይጠይቁ።

በእርስዎ ጉዳይ፣ በእኛ እምነት፣ መልስ ከመጻፍ ማሻሻል ይሻላል፤ ምክንያቱም የተከሰሱት አካላት ራሳቸው ችግር አለባቸው። በብዙ ግዛቶች ፖሊስ መምሪያ ለብቻው አይከሰስም፣ የሚከሰሰው ከተማው ነው። ከተማውም የሚጠየቀው ሠራተኛው ስላጠፋ ብቻ አይደለም፤ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1978 በሞኔል ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ መሠረት ጥፋቱ ከከተማው ፖሊሲ ወይም ከሥር የሰደደ ልማድ መምጣት አለበት። አዛዡም አለቃ በመሆኑ ብቻ አይጠየቅም፤ እሱ ራሱ ምን አደረገ? ያሰረዎት ፖሊስ ግን በግሉ በአንቀጽ 1983 (መብትን የጣሰ ባለሥልጣን በሚከሰስበት የፌዴራል ሕግ) ሊከሰስ ይችላል። ስሙን ቶሎ ያፈላልጉ። ይርጋው፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ በግዛቱ የአካል ጉዳት ሕግ ይቆጠራል፤ በካሊፎርኒያና በቨርጂኒያ 2፣ በኒው ዮርክና በሜሪላንድ 3 ዓመት ነው። «ስሙ ያልታወቀ ፖሊስ» ብሎ መክሰስ በብዙ ፍርድ ቤቶች ይርጋውን አያቆምም።

አዲሱ ክስ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ይተካል። ያልደገሙት ነገር እንዳልተጻፈ ነው። «መብቴን ጥሰዋል» የሚል ድምዳሜ ብቻውን ዋጋ የለውም፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የተወሰነው የኢቅባል ጉዳይ ክሱ አሳማኝ የሚሆንበትን ፍሬ ነገር ይጠይቃል። ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ብሎ እንዳሰረዎት፣ እርስዎ ያኔ ምን ያደርጉ እንደነበር፣ ስንት ሰዓት እንደቆዩ በቁጥር በተለዩ አንቀጾች ይጻፉ። ለማመልከቻው በሚሰጡት የተቃውሞ መልስ ላይ አዲስ ፍሬ ነገር ቢጨምሩ ብዙ ጊዜ አይቆጠርልዎትም።

ፖሊሱ በግሉ ሲከሰስ «ኳሊፋይድ ኢሚዩኒቲ» የተባለውን የባለሥልጣናት ከለላ ማንሳቱ አይቀርም። ይህን ለማለፍ ድርጊቱ ሕገ ወጥ መሆኑ በዚያን ጊዜ በግልጽ የታወቀ እንደነበር ማሳየት ያስፈልጋል። ከጠቅላይ ፍርድ ቤት ወይም ከእርስዎ አካባቢ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ከመታሰርዎ በፊት የተሰጠና ፍሬ ነገሩ የሚቀራረብ ውሳኔ ይፈልጉ። ዳኛው ከለላውን ቢነፍጉት እንኳ ፖሊሱ በነጥቡ ላይ ወዲያው ይግባኝ ማለት ይችላል፤ ጉዳዩም ለረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። ክሱ በመጨረሻ ፍርድ ከተዘጋብዎት ደግሞ የእርስዎ የይግባኝ ጊዜ 30 ቀን ነው።