ይጠዘጥዘኛል፣ ይነዝረኛል፣ ውርር ያደርገኛል፦ ፊዚዮቴራፒ ለደረሳችሁ ልጆች

ሜዲስን ሞልታችሁ ፊዚዮቴራፒ (ሰውነትን በእንቅስቃሴ የማከም ሙያ) የደረሳችሁ ልጆች፣ ይቺ ደብዳቤ የእናንተ ናት። እኔም እንደናንተው ነበርኩ። ሰፈር ገብቼ "ምን ደረሰህ?" ስባል ስሙን ሦስቴ ደግሜው ማንም ሳይገባው ሲቀር፣ እናቴ ጣልቃ ገብታ "ወጌሻ ነው በቃ፣ የተማረ ወጌሻ" ብላ ገላገለችኝ። ያን ቀን በጣም አፍሬ ነበር። አሁን ግን ግድ የለኝም። ኳስ የሚያስተላልፉት ጋዜጠኞችም ተጫዋች ሲወድቅ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ሰው ዛሬም ወጌሻ ነው የሚሉት። በስም አትጣሉ።

"ማሸት ለመማር ይሄ ሁሉ ዓመት?" ለሚላችሁ ግን መልስ ያስፈልጋችኋል።

መጀመሪያ አናቶሚ ነው። አስከሬን ከብባችሁ ትቆማላችሁ፣ የፎርማሊን ሽታ ከጋውናችሁ ሳይለቅ ምሳ ትበላላችሁ። 206 አጥንት፣ እያንዳንዱ ጡንቻ ከየት ተነስቶ የት እንደሚያርፍ፣ የትኛው ነርቭ እንደሚያዘው። ከ5ኛው የአንገት ነርቭ እስከ 1ኛው የደረት ነርቭ ያለውን፣ ብራኪያል ፕሌክሰስ የሚባለውን የነርቭ ድር ዶርም ግድግዳ ላይ ስላችሁ እስክትሰለቹት ታዩታላችሁ። ለፈተና ብቻ እንዳይመስላችሁ። የላይኛው ክንዱ የተሰበረ ሰው የእጁን አንጓ ወደ ላይ ቀና ማድረግ አቅቶት እጁ ተንጠልጥሎ ከመጣ፣ አጥንቱን ታኮ የሚያልፈው ራዲያል ነርቭ መነካቱን ምንም ማሽን ሳይኖራችሁ የምትጠረጥሩት በዚያ ሥዕል ነው።

ቀጥሎ መለካት ትማራላችሁ። የጡንቻን ጉልበት ከ0 እስከ 5 ትሰጡታላችሁ፣ 3 ማለት እጁን ወይ እግሩን ወደ ላይ ማንሳት ቻለ፣ ከዚያ በላይ ግን የእጃችሁን ግፊት አይችልም ማለት ነው። በጎኒዮሜትር፣ ማለትም በማዕዘን መለኪያ፣ ጉልበት ምን ያህል እንደሚታጠፍ በዲግሪ ታነባላችሁ። ጎኒዮሜትር የራሳችሁን ግዙ፣ ውድ አይደለም፣ የዶርም ጓደኞቻችሁን እስኪያማርሩ ለኩባቸው። ኤሌክትሮቴራፒ የሚባል በማሽን ማከምም አለ፣ ሙቀት፣ ቴንስ (በቆዳ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ የሚልክ)፣ አልትራሳውንድ (የምርመራው ሳይሆን የማከሚያው)። (አንዴ አልትራሳውንድ ላደርግላቸው ስል "ኧረ እኔ እርጉዝ አይደለሁም!" ያሉኝ አዛውንት ነበሩ፣ ወንድ ናቸው።) ሕመምተኛ ማሽን ይወዳል፣ መብራት ያልበራበት ሕክምና ሕክምና አይመስለውም። እናንተ ግን አትሸወዱ፣ አብዛኛው ሥራ ያለው እንቅስቃሴው ላይ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የምትማሩት በእንግሊዝኛ ነው፣ ሰው የሚታመመው ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው። መጽሐፉ ላይ ሕመም አንድ ቃል ነው። ካርድ ክፍሉን አልፎ የሚመጣው ሰው ግን ይወጋኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ያቃጥለኛል፣ ይነዝረኛል፣ ውርር ያደርገኛል ይላል፣ እነዚህ ደግሞ አንድ አይደሉም። ሲነዝረው፣ ሲያቃጥለውና ውርር ሲያደርገው ጆሯችሁ ወደ ነርቭ ይቁም። "ጠዋት እንደ እንጨት ደርቄ ነው የምነሳው፣ ረፋድ ላይ ነው የምፈታው" ካለ የመገጣጠሚያ ብግነትን አስቡ። "ስሄድ እግሬ ይዝላል፣ ጎንበስ ስል ወይ ስቀመጥ ይለቀኛል" ካሉ አዛውንት፣ የአከርካሪው ቦይ ጠቦ ይሆናል። ይሄንን ሌክቸር ላይ አታገኙትም። ደብተር ይዛችሁ ዋርድ ውስጥ ነው የምትለቅሙት። ጅማ ከተመደባችሁ በኦሮምኛ፣ መቀሌ ከሆናችሁ በትግርኛ ልቀሙ።

እኔ ይሄን የተማርኩት በጥፋት ነው። ሥራ በያዝኩ በሁለተኛው ዓመት አንድ የቀን ሠራተኛ መጣ፣ ድንጋይ ተሸካሚ፣ ከሃያ አምስት ዓመት የማይበልጥ ልጅ። "ወገቤን ነው፣ ሌሊት ሌሊት ይጠዘጥዘኛል፣ ላብ በላብ ሆኜ ነው የማድረው" አለኝ። እኔ ካርዱ ላይ በእንግሊዝኛ "የታችኛው ጀርባ ሕመም" ብዬ ጻፍኩ። ሌሊቱም ላቡም ከካርዱ ቀሩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ሙቀት አደረግኩለት፣ ስፖርት አሠራሁት፣ እሱ እየከሳ እኔ እያበረታታሁ። አንዲት ከእኔ በፊት የተመረቀች ባልደረባዬ ልብሱን አስወልቃ ጣቷን በአከርካሪው ላይ ወደ ታች ስታወርድ አንዲት ትንሽ ጉብታ ላይ ቆመች። ዞር ብላ "ስንት ኪሎ ቀንሷል?" አለችኝ። አላውቅም ነበር። የአከርካሪ ቲቢ ሆኖ ተገኘ። መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ፣ እግሩ ሳይሽመደመድ መትረፉ ግን የእሷ ጣት ነው እንጂ የእኔ ትምህርት አይደለም።

ስለዚህ ወገብ ሁሉ "ዲስክ" እየተባለ በሚወራበት አገር፣ እጃችሁን ከማሳረፋችሁ በፊት ጠይቁ። ሌሊት ይብሳል? ክብደት ቀንሷል? ትኩሳት አለ? በጭኖቹ መሃል ይደነዝዛል? ሽንት ወይ ሰገራ ያመልጣል? የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላይ ተማሪ ሁሉ ይሽኮረመማል፣ የአባቱ እኩያ ፊት ቆሞ ስለ ሽንት ማንሳት ነውር ይመስለዋል። "አባባ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ነርቩ እንዳልተጫነ ለማወቅ ነው" ብላችሁ ጀምሩ፣ ማንም አይቆጣም። መልሱ አዎ ከሆነ ቀጠሮ የለም፣ ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ነው።

ስለ ባህላዊ ወጌሻዎችም አንድ ነገር ልበል። አትናቋቸው፣ ሕዝቡ የሚሄደው ወደ እነሱ ነው፣ የወለቀ ትከሻ አሳምረው የሚመልሱ አይቻለሁ። የምፈራው የተሰበረውን እጅ በቀርከሃ ጥብቅ አድርገው ሲያስሩት ነው። ደም ሲታገድ ጣት ያብጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ቆርጦ መጣል ይመጣል። በተለይ የልጆች እጅ። አጠገባችሁ ያለውን ወጌሻ ተዋወቁት፣ ጣቱ ከቀዘቀዘ ፍታው በሉት። ይሄ ከአንድ ሴሚስተር በላይ ሰው ያድናል።

በአታችመንት፣ ሆስፒታል ወጥታችሁ በምትለማመዱበት ጊዜ፣ ሰፊ ነገር ለማየት ሞክሩ። አዲስ አበባ ያላችሁ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የተመሠረተውን የሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ብታዩ፣ ምጥ ለቀናት ቆይቶባቸው ሽንት የሚያመልጣቸው ብቻ ሳይሆን ነርቭ ተጭኖባቸው እግራቸውን መጎተት የጀመሩ እናቶችም እንዳሉ ታውቃላችሁ። እነሱን ዳግም መራመድ ማስተማር የእኛ ሥራ ነው።

የቤት ሥራ አሰጣጥም ትማራላችሁ፣ በደንብ ግን አያስተምሯችሁም። ስትሮክ የመታቸው አንዲት እናት ነበሩ። "ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስቴ" ብዬ በወረቀት ሰጠኋቸው። ወረቀቱ ፍራሽ ሥር ገባ። በሦስተኛው ቀጠሮ ቁጭ ብዬ ቀናቸው እንዴት እንደሚያልፍ ጠየቅኳቸው። አምስት ወቅት ሶላታቸውን ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ። "እንግዲያው ከየሶላቱ በኋላ አሥር አሥር ጊዜ ይነሱ" አልኳቸው። በቀን ሃምሳ ሆነ፣ እኔ ካዘዝኩት ከሠላሳውም በለጠ፣ አንድም ቀን አላጓደሉም።

እኚህ እናት መጀመሪያ ሲመጡ ምን ይሰማዎታል ብላቸው "እግሬ አኩርፎኛል" ነበር ያሉኝ። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፣ የትኛው የሕመም ዓይነት ሥር እንደማደርገው ግን ጨነቀኝ። ከወራት በኋላ ያለ ደጋፊ እየተራመዱ ገቡ። "እማማ፣ እግርዎ ታረቀዎ?" አልኳቸው።

"እሱስ ታርቋል" አሉኝ፣ "አሁን ደግሞ ጉልበቴ ነው ያኮረፈው።"